በጋዝ የሚሄደው መኪና ባለቤት፦ የአቶ ባንተአምላክ ማሩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባንተአምላክ ማሩ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ አድማሱ በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት ተወለዱ። አባታቸው ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ይህ ልጅ መራመድን ሳይማር ሮጠብኝ ይሉ እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው አቶ ይርዳው ያስታውሳሉ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ታቦር የተከታተሉ ሲሆን፣ በመንገዳቸው ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና ካጋጠማቸው ሾፌሩ ኮፈኑን እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም ነበር። በዚህ የተነሳ በማርፈድ ብዙ ጊዜ ተቀጥተዋል።

ከዚያም በባሕር ዳር የአውቶ መካኒክ ሙያ ተምረው በ1972 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት የጭነት ማመላለሻ ጋራዥ ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ለተጨማሪ ሥልጠና ወደ ያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እረፍት የነሳቸውን ነገር ያገኙትም እዚያ ነው። በሠለጠኑበት ጋራዥ የነበሩት ከባድ መኪኖች የሚሄዱት በቤንዚንም በናፍጣም አልነበረም፤ ከምድር በሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። ጋዙ ተጨምቆ በወፍራም የብረት ሲሊንደር ይሞላል፣ ከሲሊንደሩ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ይገባል። ጭሱ ዓይን አያቃጥልም፤ የሞተሩም ዘይት ቶሎ አይጠቁርም። አሠልጣኛቸው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ሲረዳ በኦጋዴን ምድር ውስጥም ይኸው ጋዝ መኖሩን ነገራቸው። አቶ ባንተአምላክ ይህን ሰምተው ምሳ መብላት እንዳቃታቸው፣ ከግቢው በር እስከ ጋራዡ ድረስ ሲመላለሱ መዋላቸውን ለልጆቻቸው ብዙ ጊዜ አጫውተዋል። አገራቸው በእጇ ያለውን ትታ ከባሕር ማዶ በውድ ምንዛሪ ነዳጅ መግዛቷ አልዋጥላቸው አለ።

በ1979 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1981 ዓ.ም. የአንበሳሜ ተወላጅ ከሆኑት ከመምህርት በለጠች ካሳ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ጥሩወርቅን እና ወንድ ልጃቸውን መልካሙን ወልደዋል። ይሠሩበት የነበረው ጋራዥ ሲዘጋ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በደብረ ታቦር የአውቶ መካኒክ መምህር ሆነው አገልግለዋል። ቆመው እንጂ ተቀምጠው አላስተማሩም። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሞተሩ ሲሄዱ ተማሪዎቻቸው በዓይናቸው ሲከተሏቸው ይውሉ ነበር። ቤት ውስጥም ያው ናቸው። እራት ሳያልቅ ይነሳሉ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳን ቁጭ ብለው ትንሽ ከቆዩ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ጋዙን በተመለከተ ለሰሚ ሁሉ ይናገሩ ነበር። የልብ ወዳጃቸውና የሚኒባስ ባለንብረት የሆኑት አቶ አስናቀ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሱባቸዋል፦ ኦጋዴን የት፣ ደብረ ታቦር የት? አቶ ባንተአምላክም መልስ አጥተው አያውቁም። በረት ውስጥ ካለው እበት የሚወጣው ጋዝ ከተጣራ ከኦጋዴኑ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ መኪና በዚህ መሄዱን ሰው በዓይኑ ካየ ማደያው የጊዜ ጉዳይ ነው ይሉ ነበር። ይህንንም በሥራ ለማሳየት በ2008 ዓ.ም. በጋፋት፣ በአቶ ይርዳው በረት አጠገብ የእበት ጋዝ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጋዙን በውኃ እያሳለፉ ማጣራትን፣ ከአንድ የፈረሰ ፋብሪካ ያገኙትን የጋዝ መጭመቂያ ኮምፕረሰር መጠገንን፣ አሮጌዋን ደብል ካቢን ፒካፓቸውን ለጋዝ ማስተካከልን በየተራ ተያያዙት። አንዱ ሳይሳካ ሌላውን ይጀምራሉ። ዓመታት ፈጀባቸው። የአካባቢው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፈራ፣ በመጨረሻም ተወው።

ያልተዉት ወይዘሮ በለጠች ናቸው። ያንን ሲሊንደር ግቢያቸው እንዳያስገቡ፣ ልጆቻቸውንም በዚያች መኪና እንዳያሳፍሩ አስጠንቅቀው ነበር። ሲሊንደሩ በባለሙያ ተፈትሿል፣ ጋዙም ቢያመልጥ ከአየር ስለሚቀል ሽቅብ ይበተናል ተብሎ ቢነገራቸውም አልተቀበሉም። መኪናዋ በ2012 ዓ.ም. በጋዝ መሄድ ከጀመረች በኋላም ወይዘሮ በለጠች ወደ ገበያ የሚሄዱት በባጃጅ ነበር። አቶ ባንተአምላክ ከኋላቸው በፒካፓቸው ይከተሏቸዋል። ይህን ያዩ የከተማችን ሰዎች ዛሬም ድረስ ያነሱታል።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት በከተማው ነዳጅ ጠፍቶ ነበር። እብናት የሚያስተምረው የልጃቸው የመልካሙ ባለቤት ስመኝ ለመውለድ አማቷ ዘንድ መጥታ ሳለ፣ ምጧ ከቀኗ ቀድሞ መጣ፤ ደምም ይፈስሳት ጀመር። ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለባት ተባለ። አምቡላንሱ ነዳጅ አልነበረውም። ጎረቤት ሁሉ ቤንዚን ፍለጋ ወጣ። አቶ ባንተአምላክ በሩ ላይ ወዲህና ወዲያ ይላሉ እንጂ በእኔ መኪና እንውሰዳት ለማለት አልደፈሩም፤ ባለቤታቸውን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም ነበር። በመጨረሻ የወሰኑት ወይዘሮ በለጠች ናቸው።

«መኪናህን አምጣት» አሉ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ስመኝ ከአንዲት ነርስ ጋር ከኋላ ወንበር ተኛች፤ ወይዘሮ በለጠች ከፊት ተቀመጡ። ዝናቡ ይወርድ ነበር። መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት መሆኑ ጠቀማቸው። ግማሽ መንገድ ሲያልፉ የጋዙ መለኪያ ወርዶ ስለነበር አቶ ባንተአምላክ ዳገት ባለበት ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው እንደነዱ ነርሷ ኋላ ተናግራለች። ወይዘሮ በለጠች መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ሲሊንደሩ አላነሱም። ደረሱ። ስመኝ በቀዶ ሕክምና ከሞት ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

አቶ ባንተአምላክ ስለዚያ ቀን ሲመሰገኑ አይወዱም ነበር። ሰው ሊያመሰግናቸው ሲቀርብ ሰላምታ ሰጥተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ቤንዚን ፍለጋ የጠፋው ጊዜ ለሕፃኑ ይበቃ እንደነበር ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ የሰማናቸው እኛ የቤት ሰዎች ነን። መኪናዋም ባሕር ዳር ላይ የምትሞላበት ስላልነበረ ወደ ደብረ ታቦር የተመለሰችው በአይሱዙ ተጭና ነው። አቶ አስናቀ ይህን አይተው መሄጃ እንጂ መመለሻ የላትም ብለው ቀለዱባቸው።

«ልክ ነህ፣ መመለሻ የላትም» አሏቸው አቶ ባንተአምላክ። «በየከተማው ማደያ ይሠራ የምለውም ለዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ኖሩ። ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ቤተሰቡ አያውቅም። አንዳንዱ በአክብሮት አዳመጣቸው፤ አንዳንዱ ነገ ይምጡ አላቸው፤ እሳቸውም በማግስቱ በር ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. በከተማው አዳራሽ በተደረገ ውይይት ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆኑት ዶክተር ሠናይት ብርቱ ተቃውሞ አቀረቡባቸው። ጋዙ ሳይቃጠል ካመለጠ የአየር ንብረትን ክፉኛ እንደሚጎዳ፣ አገሪቱም የራሷ ኤሌክትሪክ እንዳላት አስረዱ። አቶ ባንተአምላክ ተነሥተው ለትንሽ መኪናና ለባጃጅ ኤሌክትሪኩ ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም አሉ። ነገር ግን ከእብናት እህል ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና በባትሪ የሚሠራበት ቀን እስኪመጣ ናፍጣ ማጨሱን ይቀጥል ወይ ሲሉ ጠየቁ። የማምለጡን ነገር ግን አልናቁትም። በማግስቱ ጋፋት ወርደው እያንዳንዱን የቱቦ መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ እየቀቡ አረፋው የሚነፋበትን ሁሉ እንደገና አጠበቁ። ከዶክተር ሠናይትም ጋር እስከ መጨረሻው ተከራካሪም ወዳጅም ሆኑ። ዶክተሯ ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ።

በመንገዱ መዘጋትና በአገሩ ችግር ምክንያት መጓዝ ባልቻሉባቸው ጊዜያት እጅግ ተጨነቁ። ቤት መዋል አልሆነላቸውም፤ ግቢውን እየዞሩ ሣሩን መንገድ አስመሰሉት። በ2017 ዓ.ም. የልብ ድካም አገኛቸው። ሐኪሞች እረፍት አዘዙላቸው፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ ሊውጡት ያልቻሉት ይህንን ነው። ወይዘሮ በለጠች ጫማቸውን ይደብቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም በባዶ እግራቸው ይወጡ ነበር።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ከኦጋዴን የሚወጣው ጋዝ መመረት መጀመሩ በቴሌቪዥን ሲነገር ከአልጋቸው ተነሥተው ልብሳቸውን ለበሱ። ወዴት እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ አስናቀ ቤት አሉ። መሄድ ስላልቻሉ አቶ አስናቀ ራሳቸው መጡ።  አቶ አስናቀ እጃቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ላይ ማደያ የተከፈተ ቀን መጀመሪያ የምቀዳው እኔ ነኝ አሏቸው። አቶ ባንተአምላክ ፈገግ ብለው፣

«አሮጌ ሲሊንደር ግን እንዳትገዛ» አሏቸው።

በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው እሑድ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው ትራሳቸውን እያስተካከሉላቸው ሳለ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል።

አቶ ባንተአምላክ ማሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጠች ካሳን፣ ልጆቻቸውን ጥሩወርቅንና መልካሙን፣ ምራታቸውን ስመኝን፣ በ2016 ዓ.ም. የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ተስፋነህን፣ ወንድማቸውን አቶ ይርዳውን፣ እንዲሁም በየጋራዡ የተበተኑ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ደብረ ታቦር ዛሬም የጋዝ ማደያ የላትም። ወይዘሮ በለጠች ግን ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡት በባለቤታቸው ፒካፕ፣ በጋዝ ነው።

ቸሩ እግዚአብሔር በምድር ሳሉ መቀመጥ ያልሆነላቸውን አባታችንን በመንግሥቱ አጠገቡ ያስቀምጥልን። ለደከመው ልባቸው እረፍትን፣ ለቀረነው ለእኛ ደግሞ ከእሳቸው ጥድፊያ ጥቂት ያድለን። አሜን።

ልጃቸው ጥሩወርቅ ባንተአምላክ