ቤቱን ለቅቃችሁ እናቴን ስለመያዛችሁ

ለተከበሩ አቶ ሃርላን ድሬስለር
የሁለተኛ ብድር ማስመለሻ ክፍል ኃላፊ
ሄንደርሰን፣ ኔቫዳ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ አየር ማቀዝቀዣው በደንብ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ በተከራየነው ቤት ማቀዝቀዣው ስለማይሠራ ጉንፋን የሚባል ነገር አናውቅም።

ኮሪን ፕሩዊት እባላለሁ፤ ዘንድሮ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄያለሁ። ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ ማለት ይቻላል፤ ወላጆቼ ቤታቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አስይዘው በእናቴ ስም ከእናንተ የተበደሩት ለእኔ ትምህርት ነበርና። የቤት ዋጋ ወድቆ አባቴም ከሥራ ሲወጣ፣ ቤታችን ከዕዳው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ ተስማማችሁ፤ ከሽያጩ አብዛኛውን የመጀመሪያው ባንክ ወሰደ፣ እናንተም ቁራሽ አግኝታችሁ ቤቱን ከመያዣነት ለቀቃችሁ። ስለዚህ ውለታ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቤቱን ስትለቁ ዕዳውንም የተዋችሁት መስሎን ኬክ ቆርሰናል። የቀረው ዕዳ በእናቴ ስም እንዳለ መሆኑን ባለመንገር ደስታችንን ስላላደፈረሳችሁብን እናመሰግናለን።

፪. እናቴ ዳርሊን እንደ አገራችን ወግ፣ ደግ ለሠራላት ሁሉ የምስጋና ካርድ ትልካለች። አባቴ «አንቺ ሴትዮ፣ ለባንክም ካርድ ይላካል እንዴ? ነገ ደግሞ ለካዚኖው ላኪለት!» ቢላት፣ «ተው እንጂ ዌንደል፣ እነሱም እኮ ሰው ናቸው» ብላ የሱፍ አበባ የተሣለበት ካርድ ላከችላችሁ፤ ጨዋ ናትና በፖስታው ጥግ አዲሱን አድራሻችንን አሳምራ ጻፈችበት። ለካርዱ መልስ አልመጣም፤ ለቀረው ዕዳ እናቴን የከሰሳችሁበት የፍርድ ቤት መጥሪያ ግን በዚያው አድራሻ፣ የቤት ቁጥራችንን ሳይስት መጣልን። ወደ ክፍልዎ ስደውል ያነጋገሩኝ ሠራተኛዎ «እናትሽን አመስግኚልን፣ ስንፈልጋችሁ ደክሞን ነበር» ብለውኛል። መልእክቱን ለእናቴ አላደረስኩም፤ መልሳ ካርድ እንዳትልክላቸው ፈርቼ ነው።

፫. ሐሙስ ዳኛው ከፈረዱላችሁ፣ እናቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳች ከምታገኘው ደመወዝ ልትቆርጡ ነው። የቤት ኪራያችን የሚከፈለው ከዚያችው ደመወዝ ነው፤ ይህን የምጽፈው ምናልባት ካልሰማችሁ ብዬ ነው።

እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። በክፍልዎ ክፍት የሥራ ቦታ እንዳለ አይቼ አመልክቻለሁ። ይቅጠሩኝና የእናቴን ትታችሁ ከእኔ ደመወዝ ቁረጡ፤ ብድሩ የገባው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ መያዣ ከፈለጋችሁም እሱን ያዙ። ነገ ጠዋት ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።

በእናንተ ገንዘብ የተማረችውን ሒሳብ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ብትደምረው ከፋይዋ እናቷ ብቻ እየሆነች ያስቸገረቻት፣ ለሥራ የምትጓጓው ታዛዥዎ፣

ኮሪን ፕሩዊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክሱን ከሐሙስ በፊት ካነሳችሁ እናቴ ሌላ የምስጋና ካርድ መላኳ አይቀርም፤ ተስፋ አትቆርጥም፣ ካርዱንም ገዝታ አስቀምጣለች። ፖስታውን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የላኪ አድራሻ አይኖረውም።