ከብሎኬቱ ማዶ ለቆምኩት ስለተደረገልኝ ሽምግልና

ለተከበሩ አቶ ጥዑመልሳን
የግንባታችን አለቃና የእድራችን ሊቀመንበር
ካርቱም፣ ካላክላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የሁለቱ እጆችዎ ጤና፣ እንደተሟላ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠራተኛዎ ተድላ፣ ምስማር ከበሳው ቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ቤት በር ላይ ያስለጠፍኩት ደግነትዎን ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

1. በባሩድ የሚሠራውን የምስማር ሽጉጥ አያያዝ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ለኮንክሪትና ለብረት እንጂ ውስጡ ባዶ ለሆነ ብሎኬት እንደማይሆን፣ ምስማሩ ሰንጥቆት ማዶ እንደሚወጣ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሰው አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ቃታው እንደማይሳብ የነገሩን እርስዎ ነዎት። ግሩም ትምህርት ነበር፤ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሙዲሩ፣ ቸኩሎ እስከመጣበት ጠዋት ድረስም ሠርቶልናል።

2. በዚያ ጠዋት ብሎኬቱን በድሪል መብሳት ጊዜ ይፈጃል ብለው የሥራ ባልደረባዬን ኑርሁሴንን «ያላ፣ በሽጉጡ ምታው» ስላሉት፣ ማዕዘኑ ሲያስቸግረውም የሽጉጡ አፍ ላይ ያለውን መከላከያ በገዛ እጅዎ ስለፈቱለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከማዶ ሆኜ የኤሌክትሪክ ቱቦውን እንድደግፍ የላኩኝም እርስዎ ነዎት። እዚያ መቆሜን ኑርሁሴን አያውቅም ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር።

3. የዓይን መነጽሮቹን አቧራ ሳይነካቸው ከነካርቶናቸው በመጋዘን ስለቆለፉልን እናመሰግናለን።

4. የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ስለሌለኝ ፖሊስ ዘንድ እንዳልሄድ መክረው ነገሩን በሽምግልና ስለጨረሱልኝ ከሁሉ የበለጠ ባለውለታዎ ነኝ። ኑርሁሴን እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ድንጋይ ስለጠፋ የተሸከመው ከዚያው ከግንባታው የመጣ የብሎኬት ስባሪ ነበር። እርስዎ በሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠው፣ ስንቴ አትተኩስ ብዬው ነበር እያሉ ራስዎን ነቀነቁ። እሱ የሊቀመንበር ቃል ፈርቶ፣ ያዘዙት እርስዎ መሆንዎን ሳይናገር ይቅርታ ጠየቀኝ። ትእዛዝዎን ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ስላልሰማሁ እኔም አመንኩዎት፣ እሱንም ላላጠፋው ጥፋት ይቅር አልኩት።

አቶ ጥዑመልሳን፣ ባለቤቴን ገሊላን ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ አገር አባቴ ብዬ የያዝኩት ሰው ሌላ አልነበረም። እጄ እየዳነ ነው፤ መከዳቱ ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ማን እንዳዘዘ ራስዎ እንዲናገሩና ሽጉጡን ሌላ ሰው ከመያዙ በፊት መከላከያውን ወደ ቦታው እንዲመልሱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ከወንበሬ ብድግ ብዬ በግራ እጄ እጅ የምነሳዎ፣
ታዛዥዎ ተድላ

ማሳሰቢያ፦ እጄ ገና ብዕር ስለማይጨብጥ፣ ይህን ሁሉ እየነገርኩት የጻፈልኝ ኑርሁሴን ነው። ላየው እንደማልፈልግ እርስዎ ነግረውት ኖሮ፣ ገሊላ ማዮ ሰፈር ድረስ ሄዳ ባታመጣው ደጄን አይረግጥም፣ ማን እንዳዘዘውም አልሰማም ነበር። አሁን ቁስሌን የሚያጥብልኝ እሱ ነው። ቤቴን እርስዎም ያውቁታል፤ እስካሁን አልመጡም።