ካዛኪስታን እምቢ አለች

ረቡዕ

ካዛኪስታን ደረሰን። ትናንት የት ናት ብትሉኝ አላውቅም ነበር። ዓርብ ለሚጀመረው የተማሪዎች የዲፕሎማሲ ውድድር እኔና ረድዋን የዚች አገር አምባሳደሮች ነን። አምባሳደር፣ በዩኒፎርም። ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ረድዋን አኩርፎኛል። እሱ አሜሪካን ነበር የፈለገው።

መምህር ኤርሚያስ ግን ጥሩ አገር ነው የደረሳችሁ አሉን። ርዕሱ ስንዴ ነው፤ ካዛኪስታን ደግሞ ስንዴ ሞልቷታል። የሌላት የባሕር በር ነው። ስለዚህ ሥራችን አንድ ነው፦ ስንዴያችንን የሚገዛው አገር የማጓጓዣውን ወጪ ግማሹን እንዲችልልን ማድረግ። እሱን ካገኘን ለማለፍ ሰፊ ዕድል አለን። የሚያልፉት ሦስት ጥንዶች ሐዋሳ ሄደው ይወዳደራሉ። እኔ ከሆሳዕና ርቄ የሄድኩት ዱራሜ ድረስ ነው፣ እሱም ለሠርግ። ሐዋሳ መሄድ በጣም ነው የምፈልገው። ለሰው አልናገርም እንጂ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ሐሙስ

ልምምድ ነበር። መምህር ኤርሚያስ ገዢ ሆነው ፊቴ ተቀመጡ። ተወደደብን ሲሉኝ ቀነስኩላቸው። አሁንም ከበደን ሲሉ ደግሜ ቀነስኩ። አሳዘኑኝ፣ ምን ላድርግ። መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ሕዝብሽ ምን ሊበላ ነው?" አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

ረድዋን የነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። "እኛ ሱቅ አንድ ሳምንት ብትቆሚ እንዘጋለን" አለኝ። ከዚያ ተስማማን፦ ነገ እሱ ይናገራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

የሚያስጨንቁኝ፦
እንግሊዝኛዬ።
ከእህቴ የተዋስኩት ጫማ፣ ይጠበኛል።
አፌ።

ዓርብ

ጉድ ሠራሁ።

ጠዋት ጥሩ ነበር። ከዱራሜም ከሀቢቾም መጥተው አዳራሹ ሞላ። የእንግሊዝኛውን ንግግር ረድዋን አሳምሮ ተወጣው። ግብፅ የደረሳት ሰላማዊት የምትባል የዱራሜ ልጅ ናት። ገና ስትነሳ ስለ ዓባይ ልታወራ መስሏቸው ሁሉም አጉረመረሙ። እሷ ግን ስለ ዳቦና ስለሚገዙት ስንዴ ነው ያወራችው። ረጋ ያለች፣ ደስ የምትል ልጅ።

ከምሳ በኋላ በአማርኛ የጎን ድርድር ተባለ። ረድዋን ውሃ ሊጠጣ ወጣ እንዳለ ሰላማዊት መጣችና "የማጓጓዣውን ግማሽ እኛ እንችላለን" አለችኝ። ሳልለምናት። ከጠዋት ጀምሮ የምንፈልገውን። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ኧረ ምን በወጣችሁ!"

በእንግሊዝኛ ቢሆን እሺ እል ነበር። በአማርኛ ግን ሰው ሲሰጥሽ ወዲያው እጅ መዘርጋት ነውር ነው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ረድዋን ለካ ከኋላዬ ደርሷል። እግሬን ረገጠኝ፣ በዚያ በሚጠበኝ ጫማ ላይ።

ሰላማዊት "አይሆንም፣ እንካፈል" አለች። "ግድ የለም፣ እንችለዋለን" አልኳት። ደገምኩት እኮ። ክንዴን ያዘችና "በሞቴ! እንግዲያው ሙሉውን እኛ እንቻል" አለችኝ። ያኔ ነው እሺ ያልኩት። ዘወር ስል አንዱ ዳኛ አጠገባችን ቆመው ይጽፋሉ።

ባጃጅ እንደያዝን ረድዋንን "ሙሉውን አገኘን አይደል?" ስለው "እሱ የእሷ ደግነት ነው። ዳኛው የሰሙት አንቺ እምቢ ስትዪ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ሐዋሳ በገዛ አፌ ቀረብኝ።

ቅዳሜ

አለፍን።

ውጤቱን ያነበቡት እኚያው ዳኛ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ። መጀመሪያ ግብፅን ጠሩ፤ ብዙ አገር ያስፈረመችው እሷ ናት። ቀጥሎ የሀቢቾ ልጆችን። አንድ ቀረ። ረድዋን ዓይኑን ጨፈነ። "ካዛኪስታን" አሉ፤ "የቀረበላትን ሁለት ጊዜ ባለመቀበል ያስጨመረች፣ ብልህ ተደራዳሪ።" ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

ለመምህር ኤርሚያስ ስልት ሳይሆን ይሉኝታ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁና "ለዛሬ ስልት ነው በይው" አሉኝ። ረድዋን ደግሞ ከመጀመሪያውም ያመነብኝ ይመስል ለሁሉም እያወራ ነው።

ሰላማዊትን ግን ማታለል አልሆነልኝም። ሻይ ስንጠጣ እምቢ ያልኩት በይሉኝታ መሆኑን ነገርኳትና "ለምን ጨመርሽልን?" ብዬ ጠየቅኳት። ግራ ገባት። "ታዲያ ሰው አንዴ እምቢ ስላለ ይተዋል እንዴ?" አለችኝ። ለካ እሷም ምንም ስልት አልነበራትም። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አብረን ነው የምንሄደው፣ ደስ ብሎኛል።

ሐዋሳ ግን ትንሽ ያስፈራኛል። እዚያ የሚገጥመን ልጅ እንዴት እንዳደገ ማን ያውቃል? ምን በወጣችሁ ብዬው፣ እሺ ብሎ ጥሎኝ ቢሄድስ? ከዛሬ ጀምሮ እሺ ማለትን መልመድ አለብኝ ብዬ ወሰንኩ።

እራት ላይ እናቴ "ልጨምርልሽ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት ወዲያው።

ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ በእጇ ጀርባ ግንባሬን ነካ አድርጋ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ።