የመስኮቱ ወንበር

ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰብለ ወንጌል፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? የስቶክሆልም ብርድ አልበረታባችሁም? እኛ ደህና ነን፤ ከእናትሽ ቁጣ በቀር የሚያሳስበን የለም። በስልክ እንድጽፍልሽ ብለሽ ነበር፤ ዘንድሮ የስልኩን ፊደል እንደ ጤፍ አድቅቀውታልና እስክርቢቶ ይሻለኛል። ደብዳቤውን የጎረቤታችን የምናለ እህት ይዛልሽ ትመጣለች።

ለጥምቀት ስትመጡ ግንቡን፣ ሐይቁንና ተራራውን በመኪና የምናይበት ፕሮግራም እንዳወጣ፣ ራሴም እንድነዳችሁ ጠይቀሽኛል። በዚህ መንገድ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ለነዳ ሰው ይሄ ምን ያቅታል ብዬ ወዲያው ጻፍኩና ለእናትሽ አነበብኩላት።

"ቀን አንድ፦ የፋሲል ግንብ። መኪና ፒያሳ እናቆማለን። ከዚያ ቀሐ፣ ጥምቀተ ባሕሩ፤ መታጠፊያው ጠባብ ነው። ቀን ሁለት፦ መንገዱ ሰላም ከዋለ እንፍራንዝ፣ ጉዛራ ግንብ። እዚያ ዳገት ላይ ራዲያተር ሁለቴ ፈልቶብኛል። ተመልሰን ጎርጎራ፣ ጣና ሐይቅ። ሸጋ ጎሚስታ አለ። ቀን ሦስት፦ ደባርቅ፣ ስሜን ተራራ፣ ሊማሊሞ። በሁለተኛ ማርሽ።"

"ምነው ሰውዬ፣ ይሄ ጉብኝት ነው የብልሽት መዝገብ?" አለችኝ እናትሽ። "ልጅቱ ጣና ምን ይመስላል ብትልህ ምን ልትላት ነው?"

እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ አላውቅም። ስልሳ ነፍስ ከኋላዬ ጭኜ ገደል ላደንቅ ነው? ሊማሊሞ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ "ኧረ የፈጣሪ ሥራ!" ሲል እኔ የማየው የፊተኛውን መኪና ታርጋ ነበር።

እንግዲያው ልምምድ ያስፈልጋል ብዬ ባለፈው ቅዳሜ የምናለን መኪና ለመንኩና ከእናትሽ ጋር ወደ እንፍራንዝ ወጣን። ቀስ እያልኩ ስነዳ፣ ነጭ የጠመጠሙ ቄስ መንገድ ዳር ተቀምጠው አየሁ። ቄስ ታልፎ አይኬድም። አቁሜ ወረድኩ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩና "አባ፣ ይፍቱኝ" አልኩ። መስቀል አልወጣም። "ኧረ ይፍቱኝ አባ!" አልኩ ጠንከር አድርጌ። አሁንም ዝም። ምን በድዬ ይሆን ብዬ ስደነግጥ እናትሽ መኪናው ውስጥ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

"ሰውአገኝ፣ ተነስ! ድንጋይ አይፈታህም!"

ጫፉን ነጭ የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነበር።

አብሬያት ሳቅሁ። ድንገት እሷ ሳቋን አቆመች። "ድንጋዩ ቄስ ከሆነብህ፣ ነገ ቄሱ ድንጋይ ቢሆንብህስ?" አለችና ቁልፉን ነቅላ በመቀነቷ ቋጠረችው። ምናለ ተደውሎለት በሚኒባስ ደረሰና መኪናውን እየነዳ መለሰን፤ እኔ ከኋላ ወንበር እንደ ዕቃ ተጭኜ። ጉዛራንም ሳናየው ቀረን።

የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሙ ከነገረኝ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብቄሽ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ፈራሁ ልጄ። ደግሞ ነገሩ ከተሰማ መሪውን የሚነጥቁኝ መሰለኝ። እናትሽም ያልፈራሁ መስዬ ስፎክር ነው የምታውቀኝ፤ ስትመጪ ይህችን መስመር እንዳታነቢላት።

ስንመለስ ግን፣ ሥራ የለኝ፣ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። ከታች ሰፊ፣ ነጣ ያለ ነገር ተዘርግቷል፤ መጨረሻው አይታየኝም።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩ።

"ጣና ነዋ፣ አያ ሰውአገኝ!" አለኝ ምናለ። ሠላሳ አራት ዓመት ባጠገቡ ተመላልሻለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ጎንደር ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም፤ እናትሽ ያኮረፍኩ መስሏት ቆሎ ሰጠችኝ።

ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ለቀዶ ሕክምናው ለታኅሣሥ ስምንት ቀጠሮ ያዝኩ። ለጥምቀት መኪናውን ምናለ ይነዳል። በመስኮት በኩል ያለው ወንበር ግን የኔ ነው፤ እናትሽ ቀድማ እንዳትይዘው ጠብቂልኝ። መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ደግሞ ግንቡንም ሐይቁንም አይደለም። ካቻምና ስትመጪ ፊትሽን አላየሁትም ልጄ፤ "አምሮብሻል" ያልኩሽ ድምፅሽን ሰምቼ ነው።

ዳገቱን ያቅልልሽ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይንሳሽ፤ ከነባልሽ በደህና ያግባሽ።

አባትሽ ሰውአገኝ፣
ተሳፋሪው