አባትሽን ያናገረው መጽሐፍ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ብቻ ስትተረጉሚ ምግብ እንዳትረሺ።

ተርጉመሽ የላክሽውን ያን አጭር የአየርላንድ ልብ ወለድ ልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አክስትሽ እንባ ጋርዷት መርፌዋን ማየት አቃታት፤ "ዜማ እኮ ነው!" አለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አፉ የተለጎመው አባትሽ ግን መቀሱን ወርውሮ፣ "ዝናብ ዘነበ፣ ሰውየው በመስኮት አየ፣ አለቀ! ይሄም ታሪክ ሆኖ ነው?" ብሎ ጮኸ። እስከ እራት ድረስ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እኔማ ጨርቅ የምፈልግ መስዬ ጓዳ ገባሁና እፎይ አልኩ። ድምፁ ናፍቆኝ ነበር።

ክፉ አይንካሽ፣ እደጊልኝ። ሲመችሽ ሌላ ላኪልን፤ አደራ፣ አባትሽ የሚጠላውን ምረጪ።

እናትሽ