የማኅበራችን አዲስ ጽዋ

ጥር 3፣ ከሰዓት

9ኛ «ለ»። የሥዕል ትምህርት፤ ዛሬም ሚዛን። ሰሌዳው ላይ እንስራ ሣልኩ፣ መሐሉን በመስመር ከፈልኩት፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ መምህር ይኼ ምንድን ነው አለ። መስመሩን መስሎኝ ማብራራት ጀመርኩ። ለካ እንስራውን ነው። ቤታቸው ያለው ጀሪካን ነው። ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ደብተሬ።

ከት/ቤት ስወጣ በጋሪ ወደ እ. የትምወርቅ። (አንተ ትረሳለህና ልድገምልህ፤ እትዬ የትምወርቅ ከፍኖተ ሰላም ዳር ያሉት ሸክላ ሠሪ ናቸው። «የዲዛይን መርሆዎች ለሸክላ ሥራ» የሚል ሥልጠና እንድሰጥ ተጠይቄ ነበር። አበል እንደሌለው ሲሰማ ሠልጣኙ ተበተነ፣ እሳቸው ብቻ ቀሩ። ሥልጠናው አብቅቷል፤ እኔ አላበቃሁም።)

ጉዳዩ፦ ባለፈው ወር የማርያም ማኅበራችን ጽዋ ተሰበረ። በየወሩ ከአንዱ ደጋሽ ወደ ቀጣዩ የሚዞረው የጠላ ማሰሮ። ተረኛው በባጃጅ ይዞት ሲሄድ ጉድጓድ። ጠላው በሙሉ ሹፌሩ ላይ። አዲሱን እ. የትምወርቅ ይሥሩት አልኩ፣ ማኅበሩ እሺ አለ። ዛሬ ዋጋውን ስጠይቃቸው ዋጋ አልፈልግም አሉ። ማኅበር መግባት ነው የሚፈልጉት። «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ማኅበር ጋን ስሠራ ኖርሁ፤ አንድ ቀን ዙሪያው አልተቀመጥሁም።»

እነግርልዎታለሁ አልኩ። ይሆናል አላልኩም። እሳቸው ግን ይሆናል ያልኩ ያህል መረቁኝ።

ጥር 7

የማሰሮው ሆድ ቆሟል። መዘውር የለም። ማሰሮው ይቀመጣል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይዞሩታል። ወገባቸው መዘውር ሆኗል።

ምጣኔ አስተማርኩ። አንገቱ ከሆዱ ሲሶ ይሁን። ተስማሙ። ንጽጽር፤ ሆዱ ልስልስ፣ አንገቱ ሻካራ። ይኼንንስ ከእኔ በላይ ወደዱት። አሁን የሚያዩትን ሁሉ በንጽጽር ነው የሚያዩት። ስለ ጎረቤታቸውና ስለ ሚስቱ የተናገሩትን አልጽፍልህም፤ አንተም ነፍስ አለህ።

ጥር 8

ስደርስ ሆዱ ዙሪያውን ሽንብራ ሽንብራ የሚያህሉ ጉጦች ለጥፈው ጨርሰዋል። ምት ማለት አንድን ነገር በእኩል ርቀት መደጋገም ነው ብያቸው ነበር። ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት።

ጎዶሎ ቁጥር ሚዛን ይነሣል አልኩ። አንዷ ጉጥ ፊት ለፊቷ አቻ የላትም። በክር አሳየኋቸው። ሆዱን ለካሁ፣ ክሩን ለሁለት አጠፍኩ፣ ደግሜ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት በክር አይመጣም።

ክሩን ትንሽ አዩት። «እንዲያ ከሆነ ትውጣ» አሉ። አንዷን ቆንጥረው አነሡ፣ ከጭቃው ጋር መልሰው ለወሷት፣ የቀሩትን በክሩ ልክ እንደ አዲስ ለጠፉ። ደስ አለኝ። ምክሬን ሰምቶ ወዲያው የፈጸመ ሰው በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። ስብከቱ ስለ ስድስቱ ጋኖች። ውኃው ወይን ሲሆን ሕዝቡ እልል። ጋኖቹን ማን ሠራቸው የሚል አልነበረም። ቤት ገብቼ መጽሐፉን አየሁ፤ የድንጋይ ናቸው ይላል። ሸክላ ሠሪ እንዳይመሰገን ጥንቃቄ ነው።

ጥር 15

ተቃጠለ። ኩበት፣ ጭድ፣ ጭስ፣ የእኔ ሳል። አብረውት ከገቡት ድስቶች አንዱ ሆዱ ተሰነጠቀ። ጽዋው በደኅና ወጣ። እ. የትምወርቅ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ አደረጉት፤ ድምፁ ጠራ። እኔም ኳ አደረግኩት። ተሣሣቅን። ቆንጆ ነው፣ ደብተሬ። ሲሶው ሲሶ ነው፣ ምቱ ምት ነው።

ተስፋ አደረግሁ። ቀኑን ያዝልኝ፤ ኋላ አላደረግሁም ብዬ እንዳልክድ።

ጥር 18

ጽዋውን ቤቴ ድረስ አመጡት። ባለቤቴ ሙሉ ሮጣ ተቀበለቻቸው፣ አገላብጣ ሳመቻቸው፣ ገና ሳይቀመጡ ደግሞ የሊጡን ቡሃቃ በነጠላዋ ሸፈነችው። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ይባላል። እ. የትምወርቅ እንደለመደ ሰው ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አድርገው ቆዩላት።

ሲሄዱ ጠየቅኋት። አቧራ እንዳይገባበት ነው አለች። ባለቤቴ ዲግሪ አላት። ቡሃቃው የእ. የትምወርቅ ሥራ ነው።

ጥር 21፣ ማታ

ማኅበር በጋሼ ዓለምነህ ቤት። የማኅበራችን ሙሴ እሳቸው ናቸው። ሙሴ ማለት የሚመራን ነው፤ ባሕር ከፍለው አያውቁም።

የማኅበሩ ካህን አባ ጽዋውን ባረኩት። ሁሉም ተነሥቶ ተሳለመ። አበጀህ መምህር፣ እጇ ይባረክ ተባለ። «እጇ» ሲሉ ልቤ ሞቀ። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ጨዋታው ደራ። ጋሼ ዓለምነህ አንዷን ጉጥ በጣታቸው ነክተው ይቺ የእኔ ናት አሉ። ጎናቸው ያለው ቀጥሎ ያለችውን ያዘ። እየዞረ እየዞረ መጨረሻ የቀረችው የእኔ ሆነች። አሥራ ሁለት ማኅበርተኛ፣ አሥራ ሁለት ጉጥ። «ልክ ገጠመ! የቀረም የለ፣ የተረፈም የለ!» ጭብጨባ።

ያኔ ገባኝ። እ. የትምወርቅ አሥራ ሦስት ያደረጉት ራሳቸውን ቆጥረው ነበር።

ተነሣሁና የመጣሁበትን ተናገርኩ። እትዬ የትምወርቅ ዋጋ አልጠየቁም፣ ማኅበሩ ይቀበላቸው አልኩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ፣ ቤተ ክርስቲያን በሯን ለማንም አልዘጋችም፣ ማኅበሩ ግን የማኅበርተኛው ነው አሉ። ጋሼ ዓለምነህ እንደ አባት ትከሻዬን ያዙኝ።

«መምህር፣ ጽዋውን በአሥራ ሁለት ያሠራኸው አንተው አይደለህም እንዴ? ማትያስ እንዲተካ መጀመሪያ ይሁዳ መጉደል አለበት። ከመሐላችን ማነው ይሁዳ? አንተ ነህ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወደፊት ይታያል ተባለ። ይኸ ቃል በጎጃም ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልተረጉምም።

ቦታዬን ለቅቄላቸዋለሁ ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። በጠላ ዋጥኩት። የቀጣዩ ወር ተረኛ ተጠራ። ስሜ ነው። ተነሣሁ፣ ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ አፉን ሳምኩ።

ጥር 25

ነገርኳቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፤ ጊዜው ገና ነው፣ ነገሩ አልሞተም፣ ሥራውን ሁሉም አደነቀ። ስጨርስ «ተሳለሙት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ሁሉም። «እንኳን» አሉ፤ ጭቃውን መርገጥ ቀጠሉ።

ስለ ጉጧ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷን ተዋት አሉኝ፤ ብትኖርም ሌላ ሰበብ አያጡም ነበር።

የካቲት 4

9ኛ «ለ»። አጽንዖት፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ። ምሳሌ አጣሁ። ቀደም ብዬ ለቀቅኋቸው።

እ. የትምወርቅ ቡሬ ገበያ የወሰዷቸውን እንስራዎች እንዳሉ መልሰው አምጥተዋል። አንድ ሰው ብቻ ጠጋ ብሎ ነበር አሉ፤ አበባ ሊተክልበት፣ ያውም ቂጡን በስተሽ ስጭኝ ብሎ።

የካቲት 20፣ ከሰዓት

ነገ ተራዬ ነው። ጠላው ደርሷል። ባለቤቴ ቤቱን ገልብጣ እያጸዳች ነው።

እ. የትምወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ነገ ይምጡ፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ በቤቴ ማንን እንደምጠራ የሚያዝዘኝ የለም አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። በመንገድ ተለማምጄዋለሁ።

የት ነው የምቀመጠው አሉ። አላሰብኩበትም። ስለ ቅንብር ሳስተምር ዘመኔን ጨረስኩ፤ አንዲት ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ የት እንደምትቀመጥ አላሰብኩበትም። እኔ ስገባ ስንቱ ተነሥቶ ይወጣል አሉ ቀጥለው። ደግሞ ሳቁ፤ ሙሉ ያን ሁሉ ምግብ በአንድ ነጠላ አትዘልቀውም፣ ጋቢህን አውሳት።

በመጨረሻ ራሳቸው አስታረቁኝ። ማኅበርተኛው ሲበተን፣ ቤቱ ጭር ሲል ይመጣሉ። ከጽዋው ቀንሼ ካስቀመጥኩላቸው ቃመስ አድርገው፣ ማርያምን አመስግነው ይሄዳሉ። ይበቃኛል አሉ።

እሺ አልኩ። በጓሮ በር በኩል ቢገቡ ይሻላል ያልኩት ግን እኔ ነኝ።