እስከ ስልሳ መቁጠር

ኅዳር 3

ዛሬም ካልሲህን አልጋዬ ሥር አገኘሁት። አንዱን ብቻ። ሌላውን የት ነው የምትጥለው? ስትመጣ እጠይቅሃለሁ ብዬ አስቀመጥኩት... ከዚያ ትዝ አለኝ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዶ ክፍለ ጊዜ። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ስደርስ ወሬ ያቆማሉ። ምን አድርጌያቸው ነው?

ኅዳር 5

እማዬ አልጋህን እንዳትነካው አለችኝ። እንዳለ ይሁን። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምተኛው።

ኅዳር 8

እሁድ። ድሮ ይኼኔ ዋሻው አፍ ላይ ነበርን። አንተ የድሮንህን ሪሞት ይዘህ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ፣ እኔ ከጎንህ ቆጣሪ። ድሮኑ መታጠፊያውን አልፎ ምስሉ ሲጠፋ "ቁጠር!" ትላለህ። ራሱ ዞሮ እንዲመለስ አዘጋጅተኸዋል። እስከ ስልሳ ድረስ ሪሞቱ አይነካም፤ ከተነካ ትእዛዙ ተቆራርጦ ይደርሰውና ከግድግዳ ይላተማል።

"ስልክህ ላይ ሰዓት አለ አይደል? እኔን ምን ያስለፈልፈኛል?" አልኩህ አንዴ።

"ስልኩ እጄን አያረጋጋውም። ያንተ ድምፅ ያረጋጋዋል። ዝም ብለህ ቁጠር፣ አንተ ለፍላፊ!"

ኅዳር 9

ትናንት ያልጻፍኩት አለ።

ዋሻው ጋ አብረን የሄድንበት የመጨረሻው ቀን ቸኮልኩ። ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ነበረኝ። ከሃያ በኋላ ቁጥሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረብኩ... "ስልሳ!" አልኩህ። አልሞላም ነበር። ነካኸው። ድሮኑ ዋሻው ውስጥ ወድቆ ሲንኮታኮት እስከ ውጭ ተሰማን።

"የኔ ጥፋት ነው። እጄ ቸኮለ" አልክ።

አፌን ዘጋሁ። ኳሱንም ሄጄ ተጫወትኩ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን መኪና ገጨህ። እስከዚያ ስንት ራት አብረን በላን? በአንዱ እንኳ ብነግርህ...

ኅዳር 10

ምንም።

ኅዳር 14

አብረሃቸው የዋሻውን ካርታ የምትሠራው ጋሼ ሜትር መጡ። አንተ ባወጣህላቸው ስም ፊት ለፊት እንዳልጠራቸው እየፈራሁ። በገመድ ወርደው ድሮኑን አውጥተውታል። ካርቶን ውስጥ፣ አንድ ክንፉ ተሰብሮ። እማዬ ካርቶኑን አየችና ወደ ጓዳ ገባች።

"ከካርታው የውስጠኛው ክፍል ብቻ ነው የቀረን" አሉ። "መንገዱን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።"

"እኔ ቆጣሪ ነኝ እንጂ አብራሪ አይደለሁም።"

የተሰበረውን ክንፍ አገላብጠው አዩት። አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ቆጠርኩ።"

"አውቃለሁ። አርባ አንድ ሴኮንድ።"

"እ?"

"ሪሞቱ ይመዘግባል። ወንድምህ በማግሥቱ አሳየኝ። እየሳቀ ነበር። 'ለልጁ እንዳይነግሩት። ኳስ ይዞት ነው፤ ቀስ ብሎ መቁጠር ይለምዳል' አለኝ።"

ታውቅ ነበር? አሥር ቀን ሙሉ? እና እንደ ድሮው ጫማዬን አድርገህ ስትወጣ፣ ስጮህብህ፣ ስትስቅብኝ... ታውቅ ነበር?

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ጋሼ ሜትር መስኮቱን በስንዝራቸው እየለኩ ያላዩኝ መሰሉ።

ኅዳር 18

አዲሱን ክንፍ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ገጠምኩት። ብታየኝ መሳቂያ ታደርገኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ሳስነሳው የታጠበ አንሶላ ላይ ተጠምጥሞ ወደቀ።

"ወንድምህም ሲጀምር እንዲሁ ነው ያቃጠለኝ" አለች እማዬ። ሳቀች መሰለኝ። ከዚያ አንሶላውን እንደገና አጠበችው።

ኅዳር 22

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ዋሻው አፍ ላይ ቆምኩ። ጋሼ ሜትር "ጉልበቴ ዳገት አይወድም" ብለው ታች መኪናው ጋ ቀሩ። ባለፈው በገመድ የወረዱት ሰውዬ! ሰበብ መሆኑ ገብቶኛል።

የጃኬትህ እጅጌ ረዘመብኝ፤ አጠፍኩት። ድሮኑን አስነሳሁት። መብራቱ ግድግዳውን እያበራ ሄደ፣ ታጠፈ። ምስሉ ጠፋ። ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ከሪሞቱ ላይ አነሳሁ።

ከጎኔ ማንም የለም። ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። አንድ... ሁለት... ዋሻው እየመለሰልኝ። ከሃያ በኋላም አልቸኮልኩም። አርባ አንድንም እንደ ሌሎቹ አለፍኩት።

ሃምሳ ሁለት ላይ መብራቱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። መጥቶ እግሬ ሥር አረፈ። ክንፎቹ ቆሙ።

ስምንት ቀርቶኝ ነበር። ቀስ ብዬ ቆጠርኳቸው።